በግሸን ዳገት ላይ ስለ ተጠየቅነው ጥያቄ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ ንግግር እንድናደርግ በጠየቀን ጊዜ አርእስቱን «ከቫይረስ በሽታ በኋላ በሕብለ ሰረሰርና በነርቭ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት» ብለን ጽፈን ሰጠነው። እርሱም ወረቀቱን አገላብጦ «ይህን ማን መጥቶ ይሰማል?» አለን። እውነቱን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመጽሐፉ ሳይሆን እኛ ካገኘነው ቦታ፥ ከመንገድ ላይ እንጀምራለን።

ባለፈው መስከረም 20 ቀን እኛ አራት የሕክምና ተማሪዎች ለግሸን ማርያም በዓል ከደሴ ተነሥተን ወደ አምባሰል ሄድን። ከመካከላችን ሁለቱ ለመሳለም፥ ሁለቱ አገር ለማየት የሄዱ ነበሩ፤ ዳገቱ ግን ሁላችንንም እኩል አስለከለከን። የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ስለ ነበረው፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ገባበት ስለሚባለው ስለዚህ መስቀልኛ አምባ መናገር ለታሪክ ተማሪዎች ይገባል። እኛ የምንናገረው ስለ ዳገቱ ነው። በዚያ ዳገት ላይ ከጤነኛው ሕዝብ መካከል በክራንች የሚወጣ፥ በጉልበቱና በእጁ የሚድህ፥ በወንድሙ ጀርባ የታዘለ ብዙ ሰው አየን። በተማሪ ቤት በሥዕል ያየነውን ሁሉ በአንድ ቀን በዐይናችን አየነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከነዚህ አንዱ ዕድሜያቸው ኀምሳ ሁለት ዓመት የሆነ፥ በሐይቅ ከተማ ልብስ በመስፋት የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ቀኝ እግራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰልሏል። ሲራመዱ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ይጫናሉ፤ እጁ ካልደገፈው ጉልበቱ ይታጠፋል። «ጋሼ፥ ዕቃዎን እንያዝልዎት» ብለን ብንጠጋቸው «አብሽሩ ልጆቼ፥ ዕቃዬ ቀላል ነው» አሉን። ቀጥለውም ምን እንደምንማር ጠየቁን። ሕክምና መሆኑን በሰሙ ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «እንግዲያው ተቀመጡ፤ ብዙ ዘመን የምጠይቀው ሰው ሳፈላልግ ነበር» አሉ።

ጥያቄያቸው ሦስት ነበረ።

«ይህን እግር ሰዉ ሙት ነው ይለዋል። ሙት እንዳልለው እሾህ ሲወጋው ያመኛል፥ ብርድ ሲነካው ይሰማኛል፥ ጉንዳን ሲሄድበት ዐውቃለሁ። ደኅና እንዳልለው ተነሥ ስለው አይነሣም። ሙት ነው ወይስ ሕያው?» ይህ አንዱ ነው።

ሁለተኛው ስለ ግራ እግራቸው ነው። «ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናዬን የረገጥሁት በዚህ በደኅነኛው ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ እርሱም መድከም ጀመረ። አንድ ሱሪ ሳልጨርስ ይዝላል። በሽታው ተመልሶ መጣብኝ ወይ?»

ሦስተኛውን የጠየቁት ቀና ብለው አምባውን እያዩ ነው። «እናቴ ‹ልጄን ምች መታው› ብላ በቤት ስታስታምመኝ ቆየች። ሳይሻለኝ ሲቀር በሦስተኛው ሳምንት በዚህ ዳገት አዝላ አወጣችኝ። እስክትሞት ድረስ ‹ፈጥኜ ብሆን ኖሮ› እያለች ታለቅስ ነበር። ብትፈጥን እድን ነበር ወይ?»

ጓደኞቻችን ሆይ፥ እኛ አራታችንም ይህን ትምህርት ተፈትነን አልፈናል። በፈረንጅ አፍ ጻፉ ብትሉን ሁለት ገጽ እንሞላለን። በዚያ ድንጋይ ላይ ግን አንዱ ይጀምራል፥ ሌላው ይነጥቀዋል፤ ከሦስት ቃል ሁለቱ የእንግሊዝኛ ነው። በመጨረሻ ከመካከላችን አንደኛው «ጋሼ፥ የታመመው ሞተር ኒውሮን ነው» ሲል ሰውየው ሳቁና «ሞተርስ ቢኖራት መልካም ነበር፤ የኔዋ መኪና በእግር ነው የምትዞር» አሉት። አፍረን ተለያየን። አድራሻቸውን ተቀብለን መልሱን በደብዳቤ ልንልክላቸው ቃል ገባን። ዛሬ ማታ የምናነብላችሁ ያን ደብዳቤ ለመጻፍ የደከምንበትን ነው።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደ ነበረ። አገራችን የልጅነት ልምሻ የሚለው፥ ሐኪሞች ፖሊዮ የሚሉት ነው። ቫይረሱ የሚገባው በአፍ ነው፤ ከበሽተኛ ሰገራ ወደ ውሃ፥ ወደ እጅ፥ ወደ ምግብ ይሻገራል። በአንጀት ውስጥ ይራባል። ከሚይዛቸው ልጆች የሚበዙት ምንም አይሆኑም፥ ወይም ትንሽ ትኩሳት ነክቷቸው ያልፋል። ከሁለት መቶ በአንዱ ግን ከአንጀት ወደ ደም፥ ከደም ወደ ሕብለ ሰረሰር ይሻገራል። ስለዚህ በአንድ መንደር አንድ ልጅ ሲሰልል በዚያው መንደር ብዙ ልጆች በሽታውን ተሸክመው እየሮጡ ይጫወታሉ ማለት ነው። ከሚሰልሉትም ከመቶ ከአምስት እስከ ዐሥር የሚሆኑት የመተንፈሻ ጡንቻቸው ስለሚያዝ ይሞታሉ።

ሕብለ ሰረሰር የምንለው በጀርባ አጥንት ቦይ ውስጥ ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደው፥ ውፍረቱ ትንሿን ጣት የሚያህል ገመድ ነው። ይህ ገመድ በአግድሙ ሲቈረጥ በመካከሉ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የመሰለ ግራጫ ሥዕል ይታያል። የቢራቢሮዋ የፊት ክንፎች ለጡንቻ ትእዛዝ የሚሰጡ ሕዋሳት የሚኖሩባቸው ናቸው። የኋላ ክንፎቿ ደግሞ ከቆዳ የሚመጣውን ወሬ፥ ሕመሙን፥ ብርዱን ይቀበላሉ። የፖሊዮ ቫይረስ የሚገድለው የፊተኞቹን ነው፤ ኋለኞቹን አይነካም። ከወገብ በላይ ያለ አንድ የትእዛዝ ሕዋስ እስከ እግር የሚደርስ ረዥም ክር አለው። ሕዋሱ ሲሞት ክሩም ይሞታል፥ ጡንቻውም አዛዥ አጥቶ እየቀጠነ ይሄዳል።

ለደብዳቤያችን ይህን እንዴት እንበለው ብለን ስንጨነቅ የረዳን የሰውየው ሥራ ነው። የስፌት መኪናው መርገጫ አለ፥ መዘውሩም አለ፥ መርፌውም አለ፤ የተበጠሰው መርገጫውን ከመዘውሩ የሚያያይዘው ቺንጋ ነው። እግርዎ ሕያው ነው፤ የሞተው አዛዡ ነው ብለን ጻፍንላቸው። ከጓደኞቻችን አንዱ ምሳሌው ስለ ስሜቱ አይናገርም ብሎ ተከራክሮናል። ልክ ነው፤ የስፌት መኪና እሾህ ሲወጋት አትጮኽም።

እግር የሚይዝ ሁሉ ግን ልምሻ አይደለም፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የሰውነት ዘብ የሆነው የደማችን ኀይል አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ቫይረስ ጋር ተዋግቶ ካሸነፈ በኋላ ወዳጁን ከጠላቱ መለየት ይሳነውና የራሱን ነርቭ ይወጋል። በ1909 ዓ.ም. ጊላን፥ ባሬና ስትሮል የሚባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በጦር ሜዳ ወታደሮች ላይ አይተው የጻፉት በሽታ እንዲህ ያለ ነው። ሰውየው ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ይዞት ይድናል፤ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱም እግሮቹ እኩል ይዝላሉ፤ ድካሙ ወደ ላይ ወደ ክንድና ወደ ደረት ይወጣል። ይህ በጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ደርሶ እስትንፋሱ ከተጠበቀለት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይራመዳል፤ የተላጠው የነርቩ ልባስ እንደ ገና ይበቅላልና። ልምሻ ግን በትኩሳቱ ወራት ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱን እግር ይዞ ሌላውን ይተዋል፤ ስሜትን አይነካም። ዘቡ ሕብለ ሰረሰሩን ራሱን የሚወጋበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ከወገብ በታች መንቀሳቀስም ስሜትም አብረው ይጠፋሉ፥ ሽንትም ይያዛል።

ይህን መለየት ለተማረ ሐኪምም ቀላል አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ39 ዓመታቸው በ1913 ዓ.ም. ሁለት እግራቸው በተያዘ ጊዜ ሐኪሞቹ ፖሊዮ ነው አሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1937 ዓ.ም. በግብፅ መርከብ ላይ ሲያገኟቸውም መቆም የማይችሉ ሰው ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. ግን ጥቂት ተመራማሪዎች የሕመሙን ታሪክ መርምረው ጊላንና ባሬ የጻፉት በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ አልተዘጋም።

በአገራችን አልማዝ ባለጭራ የምንለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ብዙ ሰው ነፍሳት ሸንታብኝ ነው ይላል። ነገሩ ሌላ ነው፤ በልጅነት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አውጥቶ የዳነው ቫይረስ ከሕብለ ሰረሰር አጠገብ በነርቭ ሥር ተደብቆ ዘመኑን ይጠብቃል። ሰውነት ሲደክም በአንዲት ነርቭ ተከትሎ ይወጣል። ጭራው በአንድ ወገን ብቻ የሚዘረጋው ስለዚህ ነው። በወሎ ደግሞ ከቫይረስ ጋር የማይገናኝ ሌላ ሽባነት አለ፤ እርሱም የጓያ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታ ብዙ ሰው መቷል። ልምሻ እግርን ያላላል፤ ጓያ ግን ያግታል፥ ሲራመዱም እግር ከእግር ያጣልፋል። ጋሼ ከጓያ አለመሆኑን ያወቅነው እግራቸው የላላ በመሆኑ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። በልምሻ ጊዜ ሁሉም የትእዛዝ ሕዋሳት አይሞቱም። የተረፉት አዲስ ቅርንጫፍ አውጥተው አዛዥ ያጡትን የጡንቻ ክሮች ያሳድጋሉ፤ እንደ አንድ እናት የጎረቤቷን ልጆች ጭምር ማሳደግ ማለት ነው። ልጁ ከበሽታው ወራት በኋላ ጥቂት የሚሻለው በዚህ ነው። ነገር ግን የብዙዎችን ሥራ ለብቻው የሠራ ሕዋስ ከዐሥራ አምስት፥ ከሠላሳ፥ ከአርባ ዓመት በኋላ ይታክታል። ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ፤ አዲስ ድካም ይመጣል። ደኅነኛ ነው የተባለው እግርም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ሳይታወቅ ጥቂት ተነክቶ ነበር። ስለዚህ በሽታው አልተመለሰም፥ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ዋናው ነገር የቀሩትን ሕዋሳት መቆጠብ ነው፤ በመካከል ማረፍ፥ እስኪዝል ድረስ አለመርገጥ፥ ሸክም መቀነስ። «እግሬ ስለ ሰነፈ ጨምሬ ላሠራው» ማለት ይጎዳል። እኛም በእጅ የምትዞር ወይም በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪና ብትገኝ መልካም ነው ብለን ጻፍን። ደሴ ባለው የአካል ድጋፍ ማዕከል ጉልበቱን የሚይዝ ብረት እንዲለኩላቸውም መከርናቸው። ምክራችን ገንዘብ እንደሚጠይቅ ዐውቀን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ሁለት ሌሊት አከራክሮናል።

መልሱ በአንድ ወገን ቀላል ነው። እናትዎ በመጀመሪያው ቀን ሩጠው በዓለም ላይ ካለው ሐኪም ቤት ሁሉ ወደሚበልጠው ቢያደርሱዎትም የሞተ የትእዛዝ ሕዋስ የሚያስነሣ መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ሐኪም እስትንፋስን ይጠብቃል፥ እግር እንዳይኰማተር ያሻል፥ ያስታምማል፤ ሕዋሱን ግን አይመልስም። ፈጥነውም ቢሆን ያው ነበር። የዘገየው ሌላ ነው። የሶልክ የመርፌ ክትባት የተፈቀደው በሚያዝያ 1947 ዓ.ም. ነበር። የሴቢን የአፍ ጠብታ ደግሞ በ1953 ዓ.ም. ግድም መሰጠት ጀመረ። ጋሼ የታመሙት በ1968 ዓ.ም. ግድም፥ በሦስት ዓመታቸው ነው። በኢትዮጵያ የሕፃናት የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ወደ ገጠሩ እስኪዳረስም ብዙ ዓመት ወሰደ። ከጠብታው መፈጠር እስከ ሕመማቸው ዐሥራ አምስት ዓመት አለ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሁለት ጠብታ አምባሰል ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው። እናትየዋ ሦስት ሳምንት ዘገየሁ ብለው ነበር ሲያለቅሱ የኖሩት።

ያከራከረን ግን ሌላው ነው። ሰውየው ሲነግሩን በጨዋታ መካከል «ትኩሳቱ በያዘኝ ሰሞን እናቴ ዶሮ ሸጣ ቀኝ ጎኔን መርፌ አስወጋችኝ» ብለው ነበር። እግሩ የሰለለው በቀኝ ነው። ጓደኞቻችን ሆይ፥ የልምሻ ቫይረስ በደሙ ውስጥ ባለበት ወቅት ጡንቻው በመርፌ የተወጋ ልጅ የመስለል ዕድሉ እንደሚጨምር፥ በሽታውም በተወጋው እግር እንደሚበረታ በ1942 ዓ.ም. ግድም በእንግሊዝና በአውስትራልያ ሐኪሞች ጽፈዋል። ምናልባት መርፌው ነርቩን ራሱን አግኝቶት ይሆናል የሚል ቢኖር፥ ያ ቢሆን ስሜቱም አብሮ በጠፋ ነበር። እንግዲህ እናትየዋ በመዘግየታቸው አልበደሉም። ለልጃቸው ብለው ዶሮ ሸጠው ያስደረጉት ነገር ግን ሳይጎዳው አልቀረም። በእርግጥ ያለ መርፌውም ይሰልል እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ማንም አያውቅም።

ይህን እንጻፍላቸው ወይስ አንጻፍ? ሁለታችን «የጠየቀ ሰው ሙሉ እውነት ይገባዋል፤ በየመንደሩ ለትኩሳት ሁሉ መርፌ የሚለምን ሕዝብ ስላለንም መነገር አለበት» አልን። ሁለታችን ደግሞ «የጠየቁት ስለ መዘግየት ነው፤ ለሞተች እናት አዲስ ጥፋት አንጽፍም» አልን። በመጨረሻ ስለ መርፌው ሳንጽፍ ደብዳቤውን ላክነው። ዛሬ ማታም ልክ መሆናችንን እርግጠኞች አይደለንም።

የዛሬውን ሁኔታ ፈጠን ብለን እንንገራችሁ። ነባሩ የዱር ፖሊዮ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው በ1993 ዓ.ም. ነው። በ1997 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል ተመልሶ ገባ። በ2005ና በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማልያ ተሻግሮ በሶማሌ ክልል በዶሎ ዞን ዐሥር ሰው መታ። ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. አፍሪቃ ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆኗ ተመሰከረ፤ የቫይረሱ ዑደት ያልተቋረጠባቸው አገሮች ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ቀርተዋል። ነገር ግን ነገሩ አላለቀም። ጠብታው የደከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ያልተከተቡ ልጆች በበዙበት አገር ከልጅ ወደ ልጅ ብዙ ጊዜ ከተሻገረ ኀይሉን መልሶ ያገኛል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ሕፃናትን ያሰለለው ይህ ዐይነቱ ነው። ጠብታው ክፉ ስለ ሆነ የመጣ አይደለም፤ ለሁሉም ልጅ ስላልደረሰ ነው። ሁሉም ልጅ በተከተበበት መንደር የሚሻገርበት ልጅ አያገኝም።

ስለዚህ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ሲላላ ያየ ሰው ለጤና ኬላ ይንገር። ድካሙ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፥ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሰገራ ተወስዶ በአዲስ አበባ ይመረመራል። ይህ የዚያን ልጅ እግር አይመልስም፤ የጎረቤቶቹን ግን ያድናል። ጠበል ለመውሰድ የሚፈልግ ቤተ ሰብ ይውሰድ፤ ወደ ዳገቱ ከመውጣቱ በፊት በጤና ኬላው በኩል ይለፍ እንላለን። ከየአገሩ የመጣ ያን ያህል ሕዝብ በአንድ አምባ ላይ ሲያድር እጅ መታጠቢያና መጸዳጃ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ላየነው ለእኛ ግልጽ ነው።

ባለፈው ሳምንት መልስ ደረሰን፤ የጻፈችው ልጃቸው ናት። ከሰላምታው በኋላ ያለውን እናነባለን።

«ስለ ቺንጋው የጻፋችሁት በሚገባ ገብቶኛል፤ ለገበያው ሰው ሁሉ አስነበብሁት። የእጅ መኪና ከደሴ በተራ ክፍያ ልይዝ ነው። ስለ መርፌው ምንም አለመጻፋችሁ አዝናችሁልኝ መሆኑን ዐወቅሁ። አትዘኑ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የጎረቤታችን ልጅ በትኩሳት ታሞ ግራ ጎኑን ተወጋ፤ ግራ እግሩ ሰለለ። ያን ዕለት ነገሩ ገባኝ። ለእናቴ ግን አልነገርኋትም፤ መዘግየቱን ብቻ ይዛ ትኑር ብዬ ተውኋት። አሁን የምጠይቃችሁ ስለ ልጅ ልጄ ነው። ጠብታውን አራት ጊዜ ወስዷል። በዐሥራ አራተኛው ሳምንት የሚሰጠውን የፖሊዮ መርፌ ግን እናቱን ‹አይሆንም፥ ጎኑን አይነካም› ብዬ አስቀረሁት። አጥፍቻለሁ?»

በዚያው ቀን መለስንላቸው። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ሁለተኛው የፖሊዮ ዐይነት ከጠብታው ስለ ወጣ፥ አሁን እየተሻገረ ከሚያሰልለው ከዚያው ዐይነት ልጁን የሚጠብቀው መርፌው መሆኑን ጻፍንላቸው። እርስዎን የጎዳው ቫይረሱ በሰውነትዎ እያለ የተወጋው መርፌ ነው፤ ይህ ግን ቫይረሱ ሳይመጣ የሚቀድም ነው፤ ቀኑ ቢያልፍም ይቀበሉታል፥ ነገ ይውሰዱት አልናቸው። ደብዳቤው እስኪደርስ ብዙ ቀን እንዳያልፍ ሐይቅ ዘመድ ያለው ከመካከላችን አንዱ በስልክ አስነግሯል።